እያሰቡ መናገርን አስተምሩልን፦ በጎጃም ላሉ የኮምፒውተር ትምህርት ክፍሎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለባሕር ዳር፣ ለደብረ ማርቆስና ለእንጅባራ ዩኒቨርሲቲዎች የኮምፒውተር ሳይንስ፣ የሶፍትዌር ኢንጂነሪንግና የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ መምህራንና የትምህርት ክፍል ኃላፊዎች፤

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ መምህራን።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው አንድ ነገር ለመጠየቅ ነው። ተማሪዎቻችሁ ከመመረቃቸው በፊት የትልልቅ ቴክኖሎጂ ኩባንያዎችን ቃለ መጠይቅ በወጉ ይለማመዱ። ትምህርቱን ሰጥታችኋቸዋል። ዳታ ስትራክቸርም (መረጃ የሚደራጅበትን ዘዴ)፣ አልጎሪዝምም (ችግር ደረጃ በደረጃ የሚፈታበትን ዘዴ) ወስደዋል። የቀራቸው ሰው ፊት ቁጭ ብሎ ያንን እውቀት በአፍ ማውጣት ነው።

እኔ ጎጃም ተወልጄ፣ ጎጃም ተምሬ፣ ዛሬ በሶፍትዌር ሙያ የምተዳደር ሰው ነኝ። ከትልልቆቹ ኩባንያዎች በአንዱ፣ ከማመልከቻ እስከ መጨረሻው ዙር ያለውን ቃለ መጠይቅ አልፌበታለሁ። በመጨረሻ አልተቀጠርኩም። አላዘንኩም ማለት አልችልም፤ በዚያ መንገድ ላይ ያወቅሁት ነገር ግን እስከ ዛሬ ይጠቅመኛል። ከዚያ ወዲህ በትርፍ ጊዜዬ ወጣቶችን ለዚሁ ቃለ መጠይቅ አለማምዳለሁ። ከዳንግላ፣ ከሞጣ፣ ከፍኖተ ሰላም፣ ከቢቸና የመጡ ልጆች ናቸው። ጭንቅላታቸው ያስቀናል። ጥያቄ ሲቀርብላቸው ግን ዝም ይላሉ። ብዕር ያስነሳኝ ይህ ዝምታ ነው።

ነገሩ እንዴት እንደሚሄድ በአጭሩ ላስረዳ። መጀመሪያ ሲቪ ይገባል። አንድ ገጽ ይበቃል። ፎቶ፣ የትውልድ ቀን፣ የጋብቻ ሁኔታ አያስፈልግም። የሚፈለገው ምን ሠራህ፣ የሠራኸውስ ምን ለወጠ የሚለው ነው። የብዙ ልጆቻችን ሲቪ እዚህ ላይ ይወድቃል፤ የወሰዱትን ኮርስ ይዘረዝራሉ እንጂ የሠሩትን አይናገሩም። ሲቪው ካለፈ ሪክሩተር፣ ማለትም ለኩባንያው ሠራተኛ የሚመለምል ሰው፣ ይደውላል፣ ግማሽ ሰዓት ገደማ ያወራል። ቀጥሎ በኢንተርኔት የሚሰጥ የኮድ ፈተና ወይም ከአንድ ኢንጂነር ጋር በቪዲዮ የሚደረግ የ45 ደቂቃ ቃለ መጠይቅ አለ። ብዙዎች እዚህ ይቀራሉ።

ያለፈ ወደ መጨረሻው ዙር ይገባል። እዚያ አራት ወይም አምስት ቃለ መጠይቅ ይጠብቀዋል፤ ብዙ ጊዜም በአንድ ቀን። ጎግል የራሱን መረጃ መርምሮ፣ ከአራት በላይ ጠያቂ መጨመር ለውሳኔው ብዙም እንደማይጠቅም ደርሶበታል። አብዛኞቹ ጥያቄዎች ኮድ ናቸው። ልምድ ላለው ሰው ሲስተም ዲዛይን፣ ማለትም አንድ ትልቅ ሶፍትዌር በጠቅላላው እንዴት እንደሚዋቀር የሚጠይቅ፣ ይጨመርበታል። ስለ ሥራ ታሪክና ስለ ጠባይ የሚጠየቅም አለ። አማዞን ላይ ይህኛው በጣም ይከብዳል። ኩባንያው 16 የአመራር መርሆች አሉት፤ ጠያቂዎቹ እነዚያን ተከፋፍለው ይመጣሉ፣ ለእያንዳንዱም ከሕይወትህ የተፈጸመ ነገር እንድትናገር ይጠብቃሉ።

ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ግን ይህን ነው። ጠያቂው የሰማውን ይጽፋል። ጎግል ለረጅም ጊዜ በተከተለው አሠራር፣ የመቅጠር ጉዳይ የሚታየው አመልካቹን አግኝቶት በማያውቅ ኮሚቴ ነው። ኮሚቴው የሚያነበው ጠያቂዎቹ የጻፉትን ነው። ተማሪው በልቡ ያሰበው፣ አፉ ግን ያላወጣው ነገር እዚያ ወረቀት ላይ የለም። ለእኛ ልጆች ትልቁ ፈተና እዚህ አለ።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። ለልምምድ እጅግ የታወቀ ጥያቄ ነው። የቁጥሮች ዝርዝር ተሰጥቷል፣ አንድ ድምርም ተሰጥቷል። ሲደመሩ ያንን ድምር የሚሰጡ ሁለት ቁጥሮች ፈልግ ይላል።

ያልተለማመደ ተማሪ ይህን ሲሰማ አንገቱን ደፍቶ መጻፍ ይጀምራል። የተለማመደው ግን መጀመሪያ ይጠይቃል። ቁጥሮቹ በቅደም ተከተል የተደረደሩ ናቸው? ከዜሮ በታች የሆነ አለባቸው? አንዱን ቁጥር ሁለት ጊዜ መጠቀም ይፈቀዳል? መልስ ባይኖርስ ምን ልመልስ? ከዚያ ቀላሉን መንገድ ይናገራል፤ እያንዳንዱን ቁጥር ከሌላው ሁሉ ጋር እያጣመሩ መደመር ነው። ይሠራል፣ ግን ቀርፋፋ ነው። ዝርዝሩ ውስጥ 100,000 ቁጥር ቢኖር ወደ 5 ቢሊዮን የሚጠጋ ጥንድ መፈተሽ ሊያስፈልግ ነው። ይህን ማንም ሳይጠይቀው ራሱ ይናገራል። ቀጥሎ የተሻለውን ያመጣል። ያለፍኳቸውን ቁጥሮች ሃሽ ማፕ ውስጥ፣ ማለትም የተፈለገው ነገር ወዲያው በሚገኝበት መዝገብ ውስጥ፣ ካስቀመጥኩ፣ አዲስ ቁጥር ሲመጣ የጎደለውን ብቻ እዚያ እፈልጋለሁ፤ ዝርዝሩን አንድ ጊዜ መዞር ይበቃኛል፣ ሜሞሪ ግን ይበላል ይላል። ጠያቂው "ቀጥል" ሲለው ነው ኮድ የሚጽፈው። ብዙ ጊዜም ኮዱን ሩን ማድረግ በማይቻልበት ባዶ ገጽ ላይ ነው። ሲጨርስ በትንሽ ምሳሌ መስመር በመስመር እየተከታተለ ራሱ ይፈትሸዋል፤ ስህተት ካገኘም "እዚህ ጋ ተሳስቻለሁ፣ ላስተካክል" ይላል።

ጥያቄው ቀላል ነው። የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎቻችሁ ይመልሱታል። ጎበዝ የሚያሰኘው ከመልሱ በፊትና በኋላ የሚነገረው ነው። ትክክለኛውን ኮድ በዝምታ ጽፎ የጨረሰ ልጅ፣ እየተናገረ ሄዶ ጥቂት ከቀረው ልጅ ያነሰ ውጤት ሊያገኝ ይችላል። ጠያቂው የሚፈልገው ነገ አብሮት የሚሠራ ሰው ነው። አብሮ ለመሥራት ደግሞ ሐሳቡን መስማት አለበት።

ዝምታው ከስንፍና አይደለም። ከአስተዳደጋችን ነው። ታላቅ ፊት ብዙ መናገር ነውር ነው ተብለን አድገናል። መምህር ሲጠይቅ የተረጋገጠ መልስ ይቀርባል እንጂ ግማሽ ሐሳብ አይቀርብም። ጠያቂን መልሶ መጠየቅ እንደ ድፍረት ይታያል። የክፍል ፈተናም ይህንኑ ያጠነክረዋል። አንድ ኮርስ ጀምሮ እስኪጨርስ አንድም ቀን "ይህን መንገድ ለምን መረጥክ?" ሳይባል የሚያልፍ ተማሪ ብዙ ነው።

ጎጃም ግን በአፍ ማስተማርን ከማንም አትማርም። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ፣ ደብረ ኤልያስ የሚባሉ የቅኔ ጉባኤ ቤቶች አሉን። የቅኔ ተማሪ ቅኔውን ለብቻው ሆኖ ይቆጥራል፣ ማለትም ያዘጋጃል። ከዚያ መምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል። መምህሩ እዚያው ይጠይቀዋል፣ ያርመዋል፣ ያልጣመውን ይመልስበታል። ጓደኞቹ ይሰማሉ። ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ጀምሮ እየጨመረ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ላይ ይደርሳል። ዛሬ የታረመው ተማሪ ነገም ይቀርባል፤ መታረም የትምህርቱ አካል ስለሆነ አያሸማቅቀውም። የኮድ ቃለ መጠይቅ ልምምድም የሚፈልገው ይህንኑ አሠራር ነው። በቀላል ጥያቄ ተጀምሮ፣ ሰው ፊት እየተነገረ፣ እዚያው እየታረመ የሚያድግ ነው። ስለዚህ የምጠይቃችሁ ነገር ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም።

ስትነሱ እንደምትችሉም አይተናል። በ2015 ዓ.ም. የመውጫ ፈተና ሲጀመርና ማለፊያው 50 በመቶ ሲሆን፣ ቲቶሪያል ተዘጋጀ፣ ሞዴል ፈተና ተሰጠ፣ ብዙ መምህራን ከመደበኛ ሰዓታቸው ውጭ አስተማሩ። ያን ትጋት አከብራለሁ። ነገር ግን ያ ፈተና ባለ ምርጫ ጥያቄ ነው። ከተሰጡት ውስጥ ትክክለኛውን መለየትን ይለካል። ከባዶ ገጽ ተነስቶ መፍትሔ መገንባትንና ማስረዳትን አይለካም። ለመውጫ ፈተና ከዋለው ጉልበት ሲሶው እንኳ ለዚህ ቢውል፣ ልጆቹ ሌላ ሰው ሆነው ይወጣሉ ብዬ አምናለሁ።

አዲስ አበባ ላይ የታየው ይህ ነው። ኤቱኤስቪ የተባለው ፕሮግራም ከዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን እየመረጠ በዳታ ስትራክቸርና በአልጎሪዝም ያሠለጥናል፣ እርስ በርስ ቃለ መጠይቅ ያለማምዳል። ከዚያ የወጡ ኢትዮጵያውያን ጎግልን የመሰሉ ኩባንያዎች ውስጥ ገብተዋል። ልጆቹ ከእኛዎቹ ልጆች በተፈጥሮ የተለዩ አይደሉም። የተለየው አጠገባቸው የነበረው ነገር ነው። ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መንገዱ ደግሞ ባለፉት ዓመታት ምን እንደነበር ለእናንተ አልነግራችሁም። ሁሉም ልጅ ወደዚያ ይሂድ ማለት አንችልም።

ስለ ጠባዩ ጥያቄ ደግሞ ትንሽ ልቆይ። ጠያቂው "ከቡድንህ ጋር ያልተስማማህበትን ጊዜ ንገረኝ" ይላል። ወይም "ከሠራኸው ሁሉ ከባዱ የቱ ነው? አንተ ራስህ ምን አደረግክ?" ይላል። የእኛ ልጅ "ሠርተናል፣ አድርገናል፣ ጨርሰናል" ብሎ ይመልሳል። ጨዋ መልስ ነው። "እኔ" ማለት ጉራ ይመስለዋል። ጠያቂው ግን ከአምስቱ ልጆች መካከል ይህ ልጅ የትኛውን እንደሠራ ማወቅ አልቻለም። ስለዚህ ምንም አይጽፍለትም። የነበረውን ሁኔታ፣ የተሰጠህን ኃላፊነት፣ ያደረግከውን፣ የተገኘውን ውጤት በቅደም ተከተል መናገር ጉራ አይደለም፤ እውነቱን መመስከር ነው። ይህም በልምምድ ይመጣል።

እናንተ ዘንድ ለዚህ የተዘጋጀ መድረክ አለ። የመመረቂያ ፕሮጀክት ነው። ተማሪዎች በቡድን ይሠራሉ፣ በቡድን ያቀርባሉ፣ አንዱ ጎበዝ ይናገራል፣ ሌላው ከኋላ ይቆማል። ለሌላ ሰው ከፍሎ ያሠራውን ፕሮጀክት ይዞ የሚቀርብም እንዳለ ታውቃላችሁ። እያንዳንዱ ተማሪ የሠራውን ክፍል ለብቻው ለ15 ደቂቃ ቢያስረዳና ቢጠየቅ፣ ሁለቱም ችግር ይቀልላል። ቻትጂፒቲ ኮዱን ሊጽፍለት በሚችልበት በዚህ ጊዜ፣ የተጻፈውን ማስረዳት መቻል ከበፊቱ ይበልጥ ዋጋ አለው።

ቀጥሎ ተማሪው ቃለ መጠይቁን ስለሚያደርግበት ቦታ። ይህ ከሁሉ ይልቅ የሚያንገበግበኝ ነው፤ ምክንያቱም እውቀት ሳይጎድል ሰው የሚወድቅበት ነው። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሳይመለስ ቆየ። ለብዙዎች ዜና ነበር። ለተመራቂ ልጅ ግን ያልታየ ኢሜይልና ያለፈ ቀጠሮ ነው። ኢንተርኔቱ ባለበት ጊዜም መብራት ይሄዳል። ኔትወርኩ ይቆራረጣል። የሰዓት ልዩነቱ ደግሞ አለ። ካሊፎርኒያ ያለ ጠያቂ በእሱ አቆጣጠር ጠዋት 9 ሰዓት ላይ ቀጠሮ ቢይዝ፣ እኛ ዘንድ እንደ ወቅቱ ከምሽቱ 1 ወይም 2 ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት ላብራቶሪው ተቆልፏል። ዶርም ውስጥ ሌሎች ልጆች አሉ። ካፌ ውስጥ ሙዚቃ አለ። ሴት ተማሪዎች ደግሞ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ከተማ ውስጥ ቆይተው ወደ ማደሪያቸው መመለስ አለባቸው። ይህን ማንም አይጠይቃቸውም፤ ቀጠሮውን ብቻ ይተዉታል።

የሚያስፈልገው አንድ ጸጥ ያለ ክፍል ነው። ካሜራ ያለው ኮምፒውተር፣ መብራት ሲሄድ የሚይዝ ዩፒኤስ ወይም ጀነሬተር፣ በኬብል የገባ ኢንተርኔት፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ድረስ ቁልፉን የሚይዝ ሰው። ከግቢ ውጭ ለሚኖሩ የጥበቃ አጀብ ቢኖር ደግሞ መልካም ነው። ኮምፒውተሮቹ ከነክፍላቸው በግቢያችሁ አሉ። የሚቀረው ፈቃድ ነው። ቀጠሮ ላለው ተማሪና ላለፈው ዓመት ምሩቅ ክፍሉ ይከፈት የሚል አንድ ደብዳቤ ከትምህርት ክፍሉ ቢወጣ የብዙ ሰው ዕድል ይተርፋል።

ሁለት ተቃውሞ ደጋግሜ እሰማለሁ።

አንደኛው "ልጆቻችንን ለሌላ አገር ልናሰናዳ ነው ወይ?" የሚል ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው፣ በቀላሉ የምመልሰውም አይደለም። አንዳንዱ ይሄዳል። ግን አህጉራችንን እንይ። የአማዞን የክላውድ አገልግሎት (ኮምፒውተርን በኢንተርኔት የማከራየት ሥራ) ዋና ምሰሶ የሆነውና በ2006 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ የቀረበው ኢሲቱ የተሠራው ኬፕታውን በነበረ ቡድን ነው። ማይክሮሶፍት በ2019 እ.ኤ.አ. በናይሮቢና በሌጎስ የሶፍትዌር ልማት ማዕከል ከፈተ። ጎግል በ2022 እ.ኤ.አ. ናይሮቢ ላይ የምርት ልማት ማዕከል እንደሚያቋቁም አስታወቀ። ኩባንያዎች ማዕከል የሚከፍቱት የሚቀጠር ሰው ባለበት ነው። ባሕር ዳር ቁጭ ብሎ ከርቀት የሚሠራ ሰውም በአገሩ ይኖራል፣ በአገሩ ያወጣል፣ ታናናሾቹን ያስተምራል። ባንክ ወይም ቴሌኮም ውስጥ የሚቀጠረውም ቢሆን ችግር ሰምቶ፣ ጠይቆ፣ አማራጭ አቅርቦ መሥራት ይኖርበታል። ልጁ የትም ይሥራ የት፣ ልምምዱ አብሮት ይሄዳል።

ሁለተኛው "ያ ቃለ መጠይቅ ራሱ ጥሩ መለኪያ አይደለም" የሚል ነው። በከፊል እስማማለሁ። ጎግል በአንድ ወቅት የእንቆቅልሽ ጥያቄ ይጠይቅ ነበር፤ በ2013 እ.ኤ.አ. የሰው ኃይል ኃላፊው ላስሎ ቦክ እነዚያ ጥያቄዎች ምንም እንደማይተነብዩ በግልጽ ተናገረ። በ2015 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሆምብሩ የተባለውን፣ ብዙ ፕሮግራመሮች የሚጠቀሙበትን ሶፍትዌር የፈጠረው ማክስ ሃውል፣ ባይነሪ ትሪ (መረጃ እንደ ዛፍ ሁለት ሁለት ቅርንጫፍ እያወጣ የሚደራጅበትን ቅርጽ) መገልበጥ ስላልቻለ ጎግል እንዳልተቀበለው ጽፎ ብዙ አነጋግሯል። መለኪያው ጉድለት አለበት። ግን በሩ ላይ ያለው እሱ ነው፤ እስኪለወጥ ድረስ ልጆቻችን ውጭ ይቁሙ ማለት አልችልም። ደግሞም ያልተሳካለት ብዙ ጊዜ ከስድስት ወር ወይም ከአንድ ዓመት በኋላ እንደገና ማመልከት ይችላል። ይህን ሳያውቁ በአንድ ኢሜይል ተስፋ የቆረጡ ልጆች አግኝቻለሁ፤ አዝኛለሁም።

እንግሊዝኛውን በተመለከተ አጭር ነገር ልበል። የአነጋገር ቅላጼ ማንንም አይጥልም። ቃል ፍለጋ መሃል መቆም ነው የሚጥለው፤ እሱም የሚመጣው ስለ ኮድ በእንግሊዝኛ በአፍ ተናግረን ስለማናውቅ ነው። ልምምዱ በአማርኛ ቢጀመር ደስ ይለኛል። ሐሳቡ ሲደራጅ ቋንቋው ይከተላል።

እንግዲህ የምለምናችሁ ይህን ነው። ከዳታ ስትራክቸር ኮርስ ጋር በሳምንት አንድ ሰዓት የቃል ልምምድ ይያዝ፤ ሁለት ሁለት ሆነው አንዱ ጠያቂ፣ አንዱ ተጠያቂ ይሁን፣ ከዚያ ይቀያየሩ። ጠያቂ መሆንም ያስተምራል፤ የሰው ዝምታ ምን ያህል እንደሚያስቸግር የሚታወቀው ያኔ ነው። ሴት ተማሪዎች ተራቸው በሌላ እንዳይወሰድ አደራ። ክፍሉ ይከፈት። የምሩቃን ዝርዝርም ይኑራችሁ። ትልልቅ ኩባንያዎች ውስጥ የሚሠራ ሰው የሚያውቀውን ልጅ መጠቆም ይችላል፤ ጥቆማው ሲቪው እንዲታይ ያግዛል። ከግቢያችሁ ወጥተው ናይሮቢ፣ ለንደን፣ ሲያትል የደረሱ ልጆች ካሉ ፈልጓቸው። ብዙዎቹ የሚጠብቁት የሚጠራቸውን ሰው ነው።

ከሦስታችሁ አንዱ ክፍሉን በመስከረም ከከፈተ፣ እኔ ለመጀመሪያው ሴሚስተር ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጠያቂ ሆኜ እቀርባለሁ። ክፍያም አበልም አልፈልግም። አብረውኝ ሊመጡ ፈቃደኛ የሆኑ የሙያ ጓደኞች አሉኝ፣ በአካል የማይችሉት በቪዲዮ ይገባሉ። ከቀላል እስከ ከባድ የተደረደሩ የልምምድ ጥያቄዎች ከነማብራሪያቸው አዘጋጅቻለሁ፤ ለጠየቀኝ መምህር ሁሉ ዛሬውኑ እልካለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የቀድሞ ተማሪያችሁ